መቶ ዶላር ይዘህ፦ ፐልፕ ወይስ የድሮ ኮሚክስ?

ሰሞኑን የድሮ ኮሚክስ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ፈልግልኝ ሲለኝ የአጎቴ ልጅ ሦስተኛው ነው። የባትማን ፊልም አይቶ እንደወጣ ደወለ። «የመጀመሪያዎቹን የባትማን ኮሚክሶች ፈልግልኝ፤ መቶ ዶላር እልክልሃለሁ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። በመቶ ዶላር የዚያን ዘመን ባትማን እንኳን ሊሸጡልህ፣ ከላስቲኩ አውጥተው አያሳዩህም። ሱፐርማን መጀመሪያ ከወጣበት ከ1938ቱ አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1፣ አንዱ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሲታተም ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር።

ለሦስቱም የመለስኩት አንድ ነው፤ ፐልፕ ግዙ።

ፐልፕ የሚባሉት ከእንጨት ብስባሽ በተሠራ ርካሽ ወረቀት ይታተሙ የነበሩ የአሜሪካ የልብ ወለድ መጽሔቶች ናቸው። ኮሚክስ ያደገው በነሱ ጓዳ ነው። ባትማን በሜይ 1939 በዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 27 ብቅ ሲል፣ ታሪኩ የተቀዳው ዘ ሻዶው ከሚባለው ፐልፕ የኖቬምበር 1936 እትም ነው። ደራሲው ቢል ፊንገርም ከሻዶው ታሪክ መነሳቱን አልካደም። ሱፐርማንስ? በ1933 የወጣው የፐልፕ ጀግና ዶክ ሳቬጅ የመጀመሪያ ስሙ ክላርክ ነው። ቅጽል ስሙ «የነሐስ ሰው»። ሰው የማይደርስበት ምሽግ ደግሞ በሰሜን ዋልታ አለው። ክላርክ ኬንትን (ሱፐርማን ተራ ሰው ሲመስል የሚጠራበትን ስም) ለሚያውቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። የኮሚክስ አሳታሚውን ማርቭልን የጀመረው ማርቲን ጉድማንም ከዚያ በፊት እንጀራው ፐልፕ ነበር።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ያቺን የኖቬምበር 1936 ሻዶው እርሳት፤ ሰው ነቅቶባታል። ጎረቤቶቿ ግን ይደፈራሉ። እኔ የ1942 አንድ ሻዶው በ65 ዶላር ገዝቻለሁ፤ ጀርባው ትንሽ የተላጠ፣ ገጹ የተሟላ። በጦርነቱ የወረቀት እጥረት የተነሳ መጽሔቱ ከ1943 ማብቂያ ጀምሮ በመጠን አንሷል። እነዚያ ትንንሾቹ ይረክሳሉ፣ ታሪኩ ያው ነው። የካውቦይና የፍቅር ፐልፕ ከሆነ ደግሞ በ12 ዶላር አንስቼ አውቃለሁ። በ12 ዶላር የ1940ዎቹን የሱፐርማን ኮሚክስ ጠይቅና ሻጩ እንዴት እንደሚያይህ ተመልከት።

እኔ ግን ይህን የተማርኩት ተሸውጄ ነው። ፐልፕ ሳልጀምር በፊት፣ አንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ካርቶን ከፍተው አንድ ኮሚክስ አወጡ። ሱፐርማን አረንጓዴዋን መኪና አንስቷል። «ጁን 1938»፣ «10 ሳንቲም» ይላል። ልቤ ቆመ። 350 ዶላር ከፍዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ባለቤቴ አየት አድርጋ «ይሄ እኮ ጋዜጣ ያክላል» አለች። እውነቷን ነው። በ1974 አሳታሚው ራሱ ያንን እትም ከነማስታወቂያው በትልቅ መጠን ደግሞ አሳትሞት ነበር። የድጋሚ እትም መሆኑን የሚናገረው የውጭ ሽፋን አለ። እሱ ሲገነጠል ውስጥ የሚቀረው «የ1938» ሽፋን ነው። ዋናው ቁመቱ ከ10 ኢንች ብዙም አይዘልም፤ የኔው ከ13 ያልፋል። ሜትር ኪስህ ውስጥ ይኑር። የ350 ዶላር ምክር ነው።

ፐልፕም ጣጣ የለውም አልልም። ወረቀቱ ራሱን በአሲድ ይበላል። ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል፤ አንብበህ ስትነሳ ጭንህ ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ታገኛለህ። ሽታውን ግን እወደዋለሁ፤ አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ የምከራያቸው መጻሕፍት እንደዚሁ ይሸቱ ነበር። የመጀመሪያው ፐልፔ ጀርባው ሲላቀቅ በስኮች ለጠፍኩት። የሠራሁት ትልቁ ጅልነት ይሄ ነው። ሙጫው ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቢጫ አደረገው፣ ስኮቹን ልነቅል ስል ሽፋኑም አብሮ ተነሳ። ጠጋኞቹ የሚጠቀሙት ስስ የጃፓን ወረቀትና ከስንዴ የሚሠራ ሙጫ ነው። በዱቄት ደብተር ለጥፎ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ውድ ከሆነ ግን አትነካካው፤ ማይላር በሚባለው ጥርት ያለ ላስቲክ ውስጥ አድርገህ ተወው። ቤዝመንት ደግሞ በጭራሽ! እርጥበቱ ይጨርሰዋል።

ስትገዛ ሽፋኑን ጠርጥር። ሽፋን የሌለውን ፐልፕ በርካሽ ገዝተው የከለር ኮፒ የሚያለብሱ አሉ። የስቴፕለሩ ሽቦ ውስጥ ዝጎ ሽፋኑ ላይ የዝገት ምልክት ከሌለ፣ ሁለቱ አብረው ያረጁ ላይሆኑ ይችላሉ። የፐልፕ ሽፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገጾቹ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ልክክ ብሎ እኩል ከሆነ ሰው ምላጭ ይዞበታል። ገጽ ሳትቆጥር ብር አታውጣ።

ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ የፐልፕ ድጋሚ እትም በሃያ ዶላር ገደማ አለ፤ ያቺ የባትማን ታሪክ የተቀዳችባትም እንደገና ታትማለች። ነውር የለውም፣ እኔም አለኝ። መልሶ ለመሸጥ ከሆነ ደግሞ ኮሚክስ ቶሎ ገዢ ያገኛል። ይህን አልክድም።

ለአጎቴ ልጅ በ70 ዶላር አንድ የ1940ዎቹ ሻዶው ገዝቼ፣ በቀሪው ያንን ድጋሚ እትም ጨምሬ ላክሁለት። በደረሰው ቀን ደወለ። ገጾቹ ሲገለጡ ይሰማኛል።

«ሥዕሉ የታለ?» አለኝ። «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ነው እንዴ?»