«ባስ በዋስትና» የሚል የፍሎሪዳ ጉዞ ለምትይዙ

በብርዱ ወራት ፍሎሪዳ ወርዳችሁ ባስ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ ለማጥመድ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በተለይ በጃንዋሪው የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ከአትላንታ ቤተሰብ ጭናችሁ የምትነዱ።

ሰው እየጫነ ዓሣ የሚያስጠምድ አንድ ባለጀልባ ያወጣው ማስታወቂያ «ትልቅ ባስ በዋስትና፣ ኦኪቾቢ ሐይቅ» ይላል። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ በካናቴራ ነው፣ ብርድ የሚባል ያለ አይመስልም። የግማሽ ቀን ዋጋ 400 ዶላር፣ ግማሹ ቀብድ፣ እሱም በዜል (ከባንክ ሒሳብ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ) ብቻ። ከጓደኞቼ ጋር ያዝን። መሄጃችን ሲቃረብ ከሰሜን ብርድ ገባ። ቀኑን እንዲያዛውርልን ባለጀልባውን ለመንነው። «ውሉን እዩት» አለን።

ውሉ ጉዞ የሚሰረዘው መብረቅ ወይም ከባድ ነፋስ ካለ ብቻ ነው ይላል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ለባስ ክፉው ቀን ደመናማው አይደለም። እንዲያውም ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ ሲከብድ፣ ዓሣው ደህና ይበላል። ክፉው ማግስቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ መንጠቆውን ግን የሚነካው የለም። እንዲህ ያለውን ቀን «መጥፎ አየር» የሚል ውል እስካሁን አላየሁም።

ኦኪቾቢ ወደ 1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ነፋስ ሲመታውም ይደፈርሳል። ዓሣ ደግሞ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ውሃው ሲበርድ እሱም ይበርዳል። የበላውን ለመፍጨት ጊዜ ይወስድበታል፣ ስለዚህ ምግብ አያሯሩጠውም። የሰሜኑ ባስ ከበረዶ ሥር ይከርማል። የፍሎሪዳው ሙቀት የለመደ ስለሆነ ውሃው በድንገት ሲወርድበት ቄጠማና አረም ውስጥ ተወሽቆ ዝም ይላል።

ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ አሳማኝ ያደረገውም ይኸው ነው። በደቡብ ፍሎሪዳ ትልልቆቹ እንስቶች እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር የሚጠጉት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ግን በሁለት ብርድ መካከል፣ ውሃው ጥቂት ቀን ሲሞቅ።

በብርድ ቀንም የሚያውቅ ሰው ዓሣ ያገኛል። ረፋድ ላይ ይወጣል፣ ፀሐይ ውሃውን እስክታሞቀው ይጠብቃል። ከባድ የእርሳስ ማስጠሚያ አስሮ ማጥመጃውን በአረሙ መሃል ያወርደዋል፣ ቀስ እያለ ያንቀሳቅሰዋል። የእኛው ግን ገና ሳይነጋ ይዞን ወጣ። ፈጣን ማጥመጃ ሲያስወረውረን አረፈደና ዓሣው ሊነቃ ይችል በነበረበት ሰዓት ወደ ዳር መለሰን። ከሰዓት ሌላ ደንበኛ ነበረው! ሻይነር ለሚሏት ለማጥመጃ የምትሆን ትንሽ ዓሣ ደግሞ ለብቻ አስከፈለን። በማስታወቂያው ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም።

«ዋስትናው»ስ? ዓሣ ካልተያዘ ገንዘብ አይመለስም። ሌላ ጉዞ ይሰጣችኋል፣ በዚያው ወቅት፣ እሱ በመረጠው ቀን፣ የሻይነሩን ዳግም ከፍላችሁ። ከአትላንታ እንደገና ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ነድቶ ማን ይመጣል?

ስለዚህ ብርድ ከገባ ቀን መቀየር እንደሚቻል በጽሑፍ አስፍሩ፤ «እናያለን» የሚል የስልክ ወሬ አትቀበሉ። የከሰዓት ጉዞ ጠይቁ። ኦኪቾቢ ላይ ሰው በክፍያ የሚጭን ሰው የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) የካፒቴን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ አሳየኝ በሉት፣ የሚቀየም ከሆነ ተዉት። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። የተባለው አገልግሎት ካልተሰጠ በካርድ ኩባንያው በኩል መከራከር ይቻላል፤ በዜል በገዛ እጃችሁ የላካችሁትን ማስመለስ ግን ጭንቅ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ትንበያውን እዩ። ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን የሚነፍስና ሌሊቱ የሚበርድ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ቀናት እለፏቸው።

ሌላው የማጥመጃ ፈቃድ ነው። የባሕር ላይ ጉዞ ሲሆን የጀልባው ፈቃድ ተሳፋሪውንም ይሸፍናል። በሐይቅ ላይ ግን አይሸፍንም፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይይዛል። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ የሦስት ቀኑ 17 ዶላር ነው፣ ከስቴቱ ድረ ገጽ ራሳችሁ ግዙት። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አያስፈልጋቸውም። ባለጀልባው ለልጆቹም የፈቃድ ብር ካስገባባችሁ አትክፈሉት።