«ከጅቡቲ የመጣ የጀልባ ገመድ» የሚሏችሁን አትግዙ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላንና ዱከም አካባቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡት። በፒክአፕ ጭነው በየሰፈሩ እየዞሩ ገመድ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ገመዱ ነጭ ነው፣ ሰማያዊ ክር ያልፍበታል። ሲዳሰስ ይለሰልሳል፣ ሲታይም ያምራል። «ከጅቡቲ የመጣ ነው፣ የጀልባ ሸራ የሚጎተትበት ኦሪጅናል» ይላሉ። ዋጋው መርካቶ ከሚጠየቀው ግማሽ ያህል ነው። አትግዙት። የገዛችሁም ካላችሁ ሰውም ሆነ ከባድ ዕቃ አታንጠልጥሉበት።

እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። የውሃ ጉድጓዳችን ገመድ አርጅቶ ነበር። ጎረቤት ተሰባስቦ አዋጣና አንድ ጥቅል ተገዛ፤ ግማሹ ለጉድጓዱ፣ ግማሹ ዕቃ ለማውጣት። ኮንዶሚኒየም የገባ ሁሉ ያውቀዋል፣ ትልቅ ሶፋ በደረጃው አይዞርም። በበረንዳ በኩል በገመድ ተስቦ ነው የሚወጣው። ወንድሜ ኮዬ ፈጬ ሲገባ ጫኝና አውራጆቹ በዚሁ ገመድ ሶፋውን አስረው ሳቡት። ሦስተኛ ፎቅ ሊደርስ ሲል ገመዱ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተበጠሰ። ሶፋው መሬት ላይ ተፈጠፈጠ። እዚያው ቦታ ልጆች ሲጫወቱ ነበር። ጥበቃው ቀደም ብሎ ዘወር ባያደርጋቸው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሶፋ አይሆንም ነበር።

የተበጠሰውን ጫፍ ከፍተን አየነው። ከላይ ያለው ሽሩባ ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን ብጥስጣሽ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ከየትም የተለቃቀመ አጫጭር ክር። ሲስቡት እንደ ጥጥ እየተነቀለ ይወጣል። ለካ ያን ሁሉ ክብደት የያዘው ስስ ልባሱ ብቻ ነው። እሱ በሲሚንቶው ጠርዝ ሲላጥ ከሥሩ የሚይዝ ነገር አልነበረም።

እኔን ያስደነገጠኝ ከሶፋው ይልቅ ሌላው ነው። የዚያው ጥቅል ግማሽ ጉድጓድ የሚጠርገው ልጅ ወገቡ ላይ ታስሮ ሊወርድበት ተዘጋጅቶ ነበር። በእኛ በኩል ጉድጓድ የሚቆፈረውም የሚጠረገውም በእጅ ነው። ሰው በገመድ ይወርዳል፣ በገመድ ይወጣል። ያ ልጅ እናት አለው፣ ቤተሰብ ይጠብቀዋል።

የሻጮቹ ወሬ የሚያሳምነው እውነት ስለተቀላቀለበት ነው። ከውጭ ከሚገባው ዕቃችን ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ በኩል እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው፣ የጭነት መኪና ስናይ ነው የምንውለው። ስለዚህ «ከጅቡቲ ነው» ሲባል ማንም አይጠራጠርም። ጀልባ ሲጨመርበት ደግሞ ጠንካራ ይመስላል።

እስቲ የጀልባውን ነገር በደንብ እንየው። የሸራ ጀልባ ላይ ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅሉ፣ እንደ ነፋሱም የሚስቡና የሚለቁ ገመዶች አሉ። ቀኑን ሙሉ በፑሊ ላይ ይሮጣሉ፣ ፀሐይና ጨው ይበላቸዋል። ብዙውን ጊዜ ከፖሊስተር የሚሠሩ ናቸው። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም፣ ፀሐይንም ይችላል። ልባስና ውስጥ አላቸው፣ ግን ውስጡም እንደ ልባሱ ከረጃጅም ክር በሥርዓት የተጎነጎነ ነው። ውድ በሆኑት ላይ ውስጡ ዳይኒማ የሚባል በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ይሆናል። እኩል ክብደት ካለው የብረት ገመድ ጋር ሲወዳደር ዳይኒማ በጥንካሬ ይበልጣል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ አዲስ ገመድ ባሕር ተሻግሮ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ መርካቶ ካለው ተራ ገመድ በግማሽ ዋጋ እንዴት ሊሸጥ ይችላል?

«አሮጌ ስለሆነ ነው የረከሰው» ቢሏችሁም አትቀበሉ። ከጀልባ ላይ የወረደ ገመድ በምክንያት ነው የወረደው። ወይ ፀሐይ አቃጥሎታል፣ ወይ ፑሊው ልጦታል። ባሕር ላይ ያለ ሰው ያላመነውን ገመድ እኛ ሰው የምናወርድበት ምን ቆርጦን ነው! ስለዚህ ሻጩ ቢዋሽም እውነት ቢናገርም ለእኛ ያው መጥፎ ግዢ ነው።

ለማጣራት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። መጀመሪያ ጫፉን አስቆርጡና ልባሱን ወደ ኋላ ሰብስቡት። «አይቆረጥም፣ ጥቅሉ ይበላሻል» ካለ ትታችሁት ሂዱ። ውስጡ አንድ ወጥ፣ ረጅምና በሥርዓት የተጎነጎነ ወይም የተገመደ መሆን አለበት። ቁርጥራጭ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያሻም።

ቀጥሎ ውፍረቱ። 12 ሚሊሜትር ብለው 10 ይሸጣሉ። በዓይን ልዩነቱ አይታይም፣ በክሩ መጠን ግን 30 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ወጠር አድርጋችሁ ዙሪያውን በስፌት ክር ለኩት። የእውነት 12 ከሆነ ዙሪያው 38 ሚሊሜትር አካባቢ ይመጣል፣ 10 ከሆነ 31።

«ናይለን ነው» ካሏችሁ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡና ልቀቁት። ናይለንም ፖሊስተርም ይሰምጣሉ። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ክር ግን ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ከተንሳፈፈ ናይለን አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን መንሳፈፉ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ውሃ ስለማይጠጣ ለባልዲ እንዲያውም ይመቻል። ግን ከፀሐይ መከላከያ ካልተጨመረበት ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል። እኛ ደግሞ ያለነው ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው፣ ፀሐያችን ጠንካራ ናት። ገመዱ ከነጣ፣ ከሻከረና ሲታሸት ዱቄት ከጣለ ጊዜው አልፏል።

ሌላው የሚያታልለው የኪሎ ቁጥር ነው። ጥሩ ስሪት ያለው አዲስ የ12 ሚሊሜትር ፖሊፕሮፒሊን ወደ 2,000 ኪሎ ገደማ ላይ ይበጠሳል። ይህ የሚበጠስበት ነው፣ የሚሸከመው አይደለም። ለዕቃ አንድ አሥረኛውን፣ ማለትም 200 ኪሎን ብቻ አስቡ። ቋጠሮ ደግሞ ጉልበቱን እስከ ግማሽ ይቀንሰዋል። የሲሚንቶ ጠርዝ ከዚያም ይብሳል፤ ጠርዙ ላይ ወፍራም ጆንያ ወይም የጎማ ቁራጭ ሳታነጥፉ ምንም ነገር አትሳቡ። ለሰው መውረጃ ግን በዚህ ስሌት አትሂዱ። ለዚያ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ መለያው ላይ ይህ የተጻፈበት ገመድና ቀበቶ ያስፈልጋል።

ገንዘብ እንደሚያጥር አውቃለሁ። ሁሉንም ገመድ በአንዴ መቀየር ግን ግድ አይደለም። ጀልባ ያላቸው ሰዎች ብር ሲያጥራቸው ገመዱን ጫፉን ገልብጠው ይጠቀሙበታል፣ ፑሊው የሚልጠው ቦታ ይቀየራል። የባልዲውን ገመድ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የተላጠውን ጫፍ ቁረጡ፣ ጭቃውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። በረኪና አታስነኩት፣ ናይለንን ይጎዳዋል። ያረጀው ለልብስ ማስጫ ይሁን። ከዚያ ያላችሁን ብር ሰው ወይም ከባድ ዕቃ የሚንጠለጠልበት አንዱ ገመድ ላይ አውሉት። ሱቅ ካለው ሰው፣ መለያው ካልተቀደደ ጥቅል ላይ በሜትር አስቆርጡ።

ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስቀየር ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብትም ይሰጣችኋል። በፒክአፕ የሚዞሩት ደረሰኝ አይሰጡም፣ በማግስቱም አይገኙም። እኛ የተበጠሰውን ገመድ ይዘን ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደን አመልክተናል። የገዛችሁ ካላችሁ እናንተም ቁራጩን ይዛችሁ በየወረዳችሁ አመልክቱ። መኪናው ሰፈራችሁ ከመጣ ታርጋውን መዝግቡና አብራችሁ ስጡ። ጉድጓድ ለሚቆፍሩና ለሚጠርጉ ልጆች ደግሞ ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ አብዛኞቹ የሚወርዱት ባለቤቱ ባቀረበላቸው ገመድ ነው።