ለአንዲት ቁጥር 10,500 ብር

አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ወደ ቨርጂኒያ ከተመለስኩ አሥር ቀን ሆነኝ። ያረፍኩት እናቴ ቤት ስለ ነበር ስለ ሆቴል የምለው የለኝም። በረራው ደህና ነበር፤ ከቦሌ የወሰደኝ ባለታክሲም የተስማማንበትን ተቀብሎ ሻንጣዬን እስከ በር አድርሶልኛል። የሚያንገበግበኝ ቤት ድረስ ጠርቼ ያስገባሁት የኢንተርኔት «ባለሙያ» ነው። ለቤተሰቡ ራውተር፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ በሻንጣው ከትቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነውና ከእኔ ይማር።

ኢንተርኔቱን ከመስመሩ የሚቀበለው የእማዬ ሞደም የሚኖረው ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው። ዋይፋዩ መኝታ ቤቷ ድረስ አይዘልቅም። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ግን የልጅ ልጆቿን በቪዲዮ ማየት የምትፈልገው ከአልጋዋ ሳትነሳ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያለ እንከን የሠራልኝን ራውተር ይዤላት ሄድኩ። የመብራቱ ነገር አላሳሰበኝም፤ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው።

ኬብሉን ከሞደሙ ወደ ራውተሩ ሰካሁ። የራውተሩ ስም ስልኬ ላይ መጣ፣ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት የለም። ስልኬን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ሳገናኘው ይሠራል። ሁለቱንም አጥፍቼ መጀመሪያ ሞደሙን፣ መብራቶቹ ሲረጉ ራውተሩን አበራሁ። ኬብል ቀየርኩ። እንቅልፉ እንደሆነ በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት ከዓይኔ ጠፍቷል፤ ሁለት ሌሊት እንዲሁ ስነካካ ነጋ።

በሦስተኛው ቀን አንድ የኮምፒውተር መደብር ደወልኩ። ጠዋት 4 ሰዓት እመጣለሁ ያለው ሰውዬ የደረሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ አሜሪካም ጠጋኝ እየጠበቁ ግማሽ ቀን ከሥራ መቅረት አለ። እዚያ ግን ሲዘገይ መልእክት ይልካል። ይኸኛው ስልክ እንኳ አላነሳም።

ራውተሩን ገልበጥ አድርጎ አየና «የአሜሪካ ነው? እነዚህ እዚህ አገር አይሠሩም፤ በ110 ነው የሚሠሩት» አለኝ። በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አሳየሁት። «እሱማ ይጻፋል» ብሎ አለፈው። ከዚያ ምንም ሳይጠይቀኝ መርፌ አውጥቶ የሞደሙን ትንሽ ቀዳዳ ተጭኖ ያዘ። መብራቶቹ ጠፉ፣ ተመልሰው በሩ፣ የኢንተርኔቱ ግን ቀይ ሆኖ ቀረ። በዚያ ቀዳዳ የሚጠፋው ሞደሙ መስመሩ ላይ ለመግባት የሚጠቀምበት የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ነው። እሱን ካጠፋው በኋላ ወደ እማዬ ዞሮ «እናቴ፣ የይለፍ ቃሉን ያምጡልኝ» ይላታል። እሷ ከየት ታምጣው? «እንግዲያው አስሞሉትና ደውሉልኝ፣ መጥቼ አስተካክላለሁ» ብሎ ለመጣበት 1,500፣ «ለእኛ አገር መስመር የተሠራ» ላለው አዲስ ራውተር 9,000 ብር ጠየቀ። ከፈልኩ። ለምን ከፈልክ ትሉኝ ይሆናል። ከውጭ የመጣ ልጇ ደጅ ቆሞ ስለ ብር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ቢሰማ እማዬ ታፍራለች፤ ሰውዬውም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሳም። ለማሻሻል የመጣሁለት ቤት ሁለት ቀን ጭራሽ ያለ ኢንተርኔት አደረ።

በሦስተኛው ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ እማዬ «አባትህ ጽፎት ነበር እኮ» አለች። ከቁም ሣጥኑ የሰነዶቹን ፌስታል አወጣች። የቤቱ ካርታ፣ የውሃ ደረሰኞች፣ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ በመጨረሻም ከደብተር የተቀደደ ባለካሬ ወረቀት። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። የመለያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ፣ ፊደልና ቁጥሩን እየለየ ጽፎታል፤ ዜሮዎቹን ከፊደል ጋር እንዳይምታቱ በሰረዝ አቋርጧቸዋል። ወረቀቱን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።

እማዬ የጎረቤታችንን ልጅ አስጠራች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከወረቀቱ እያየች ሞደሙን ሞላችው፣ አረንጓዴ በራ። ቀጥላ ያንን «የማይሠራ» ራውተር ከሞደሙ ነቅላ ለብቻው በስልኳ ከፈተችውና «ጋሼ፣ የሁለቱም አድራሻ 192.168.1.1 ነው» አለችኝ። በአንድ ግቢ ሁለት አልማዝ ቢኖሩ «አልማዝ!» ሲባል ማን አቤት ይበል? ራውተሩ በኬብል ከሞደሙ የሚቀበለው አድራሻ እሱ ራሱ ለቤቱ ከሚያድለው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነበት፣ የትኛው ውጭ የትኛው ውስጥ እንደሆነ መለየት አቅቶታል። ይህን አይተው ራሳቸው የሚያስተካክሉ ራውተሮች አሉ፤ የእኔ ከእነሱ አይደለም። በራውተሩ በኩል ያለውን 192.168.2.1 አደረገችው፣ አስቀመጠች፣ ኬብሉን መልሳ ሰካች። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ያን አዲሱን ራውተር ከካርቶኑ አውጥቼ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ 192.168.0.1 ይላል። ቢሰካ ኖሮ ይሠራ ነበር፤ ከሞደሙ ጋር የሚጋጭ አድራሻ የለውማ። ሰውዬው «የአሜሪካ አይሠራም» የሚለውን ነገር ያገኘው እንዲህ እየሸጠ ይመስለኛል። ምናልባት ከልቡ ያምንበት ይሆናል። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም።

የእናንተም እንዲህ ከሆነ ስልካችሁን መጀመሪያ ከሞደሙ፣ ቀጥሎ ከራውተሩ ጋር አገናኙና በዋይፋይ ማስተካከያው ውስጥ የሁለቱን አድራሻ ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ከሆኑ በራውተሩ በኩል ሦስተኛውን ቀይሩ። የመለያ ስሙና የይለፍ ቃሉ በእጃችሁ ሳይኖር ግን መርፌ የያዘ ሰው ሞደሙ አጠገብ አይድረስ።

ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ፤ መደብሩም ስሄድ ያንኑ ነው ያነበበልኝ። ለልጅቷ ብር ብዘረጋላት እማዬ በዓይኗ ገሠጸችኝ፤ የጎረቤት ልጅ አይከፈላትም። አዲሱን ራውተር ግን ለአያቷ ቤት ይሆናል ብላ እየሳቀች ወሰደችው። የአባቴን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ወደ ፌስታሉ መለስኩት። እንዳይግል ብዬ ዳንቴሉን ከሞደሙ ላይ አንስቼ ነበር፤ አውሮፕላን ሳልሳፈር መልሳ እንዳለበሰችው እርግጠኛ ነኝ።