ሻቶ ሌዮቪል ባርቶን 2016፦ ይከፈት ወይስ ይቆይ?

ይህን ወይን ገዝቶ በዚያው ሳምንት የሚከፍተው ሰው የሚያገኘው ግማሹን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ድንቅ ነው፤ ግን ገና አልተፈታም። ለማቆየት የተሠራ የቦርዶ (በፈረንሳይ ያለ የወይን አካባቢ) ቀይ ወይን ሲቀመስ መጠየቅ ያለበት፣ ጥንካሬው ሲለዝብ ከሥሩ የሚቀር ፍሬ አለው ወይ የሚለው ነው። ይህኛው አለው፤ በደንብ አለው።

ወይኑ የቦርዶ ክፍል የሆነው የሜዶክ ነው፤ በዢሮንድ የወንዝ አፍ ግራ ዳርቻ ከፖያክ መንደር በስተደቡብ ከምትገኘው ከሳን ዡሊያን። አፈሩ ጥልቅ ጠጠር ነው። ጠጠር ውኃ አያቁርም፣ የቀኑን ሙቀት ግን ይዞ ያቆያል፤ ዘግይቶ የሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞ የተባለው የወይን ዝርያ የሚወደውም ይህንኑ ነው። ከእርሻው ተክል ሦስት አራተኛ ያህሉ ካቤርኔ ሶቪኞ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ሜርሎ ነው፤ ጥቂት ካቤርኔ ፍራንክም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1855 በወጣው የሜዶክ የወይን እርሻዎች ምደባ ሁለተኛ ደረጃ ከተሰጣቸው አንዱ ነው፤ የአየርላንድ ተወላጆች የሆኑት ባርቶኖች ደግሞ ከ1826 ጀምሮ በእጃቸው ይዘውታል። ሌዮቪል ባርቶን ስሙ ሻቶ ቢልም የራሱ ሻቶ፣ ማለትም የእርሻው መኖሪያ ሕንፃ፣ የለውም፤ መለያ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ሕንፃ የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ላንጎዋ ባርቶን ነው።

ወይኑ የተለቀመበት እ.ኤ.አ. 2016 በቦርዶ ሁለት መልክ የነበረው ዓመት ነው። እስከ ጁን አጋማሽ ድረስ ዝናቡ ከልክ ያለፈ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ቆመና እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ደረቅና ሞቃት ሆነ። እስከ ጁን ድረስ ዝናቡን የጠጣው አፈር ተክሉን በድርቁ ወራት አቆየው፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ የጣለው ዝናብ ደግሞ የቆመውን ብስለት እንደገና አስጀመረ። የመከር ሰሞን ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለነበር አሲዱ አልጠፋም፣ ካቤርኔውም ሳይጣደፍ እስከ ኦክቶበር በስሎ ተለቀመ። ልጣጩ ወፍራም፣ ታኒኑ (ከልጣጭና ከዘር የሚወጣው አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር) ብዙ፣ አልኮሉ ግን 13 በመቶ ገደማ የሆነ ወይን የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ለማቆየት የሚመረጥ ዓመት እንዲህ ያለው ነው። በሙቀት ብቻ የበሰለ ዓመት ቶሎ ይጣፍጣል፣ ቶሎም ይደክማል።

ከመቅመስ በፊት ያለው ዝግጅት አጭር ነው፣ ቸል ሲባል ግን ፍርዱን ያበላሻል። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት ማቆም፤ ለጋ ቢሆንም ጥቂት ዝቃጭ ሊኖረው ይችላል። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከ14 በታች ሲወርድ ታኒኑ ይጠጥራል፣ መዓዛውም ይዘጋል፤ ከ20 ሲያልፍ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ብርጭቆው ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ የሳሙና ጠረን የሌለው ይሁን። ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ወይኑን ማዞር አይመችም።

ዓይን ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሎ ጠርዙን ማየት ነው። ይህ ወይን መሃሉ የሚያሳልፍ አይደለም፣ ጠርዙ ድረስ ወይን ጠጅማ ቀይ ነው፤ ጡብ የሚመስል ቀለም ገና አልጀመረውም። በዚህ ዕድሜ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ቢገኝ ጠርሙሱ ሙቀት አግኝቶታል ወይም ቡሹ አየር አሳልፏል ማለት ነው። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርዱት "እግሮች" ስለ አልኮል እንጂ ስለ ጥራት ምንም አይናገሩም።

አፍንጫ መጀመሪያ የሚገባው ብርጭቆው ሳይዞር ነው። እንከን የሚታወቀው ያኔ ነው፦ እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ ቲ ሲ ኤ በተባለ ጠረን አምጪ ኬሚካል ተበክሏል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም ኮምጣጤ ከሸተተ ባክቴሪያ ሠርቶበታል፤ የፈረስ ጋጣ ከሸተተ ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ገብቶበታል። የካርቶን ጠረን በአየር አይለቅም፣ እንዲያውም ይብሳል፤ ጠርሙሱን መመለስ ነው። ሲከፈት ብቻ ብቅ የሚል የክብሪት ጠረን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ አያስደነግጥም።

እዚህ አንዱም የለም። ብርጭቆው ሲዞር ብላክከረንት የተባለው ጥቁር ትንሽ ፍሬ ይመጣል፣ የተጋገረ ወይም ጃም የሆነ ሳይሆን ትኩስ ፍሬ። ቀጥሎ ዝግባ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ከሥር ደግሞ የትምባሆ ቅጠል። የቃሪያ ጠረን የለውም፤ ካቤርኔ ሳይበስል ሲለቀም ፒራዚን የሚባለው ንጥረ ነገር ይህን ጠረን ይሰጠዋል፣ ጠረኑም በጓዳ ቆይታ ይጠፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። የኦክ በርሜሉ ቅመማ ቅመም ግን አሁንም ከፍሬው ጎን ቆሞ ይታያል። ገና አልተዋሃዱም።

ለማቆየት የሚገዛ ወይን የሚፈረድበት ቦታ አፍ ነው። ትንሽ ጉንጭ፣ 10 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ለ10 ሰከንድ ያህል አንከባልሎ፣ በከንፈር መካከል ትንሽ አየር ስቦ መትፋት። ከዚያ ምላስን በላይኛው ድድ ላይ ማስኬድ። ታኒን ጣዕም አይደለም፣ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አፍ ይደርቃል። ብዛቱን ማንም ይለያል፤ የሚያስቸግረው ዓይነቱን መለየት ነው። የበሰለ ልጣጭ ታኒን አፍን እኩል ይሸፍንና ምራቅ ሲመለስ ይለቃል። ያልበሰለ ልጣጭና የዘር ታኒን ድድንና የምላስን ጎን ይቧጥጣል፣ ብዙ እንደተዘፈዘፈ ሻይም መራራነት ይተዋል። የበርሜል ታኒን የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፍሬው ካለፈ በኋላ ምላስ መሃል ደረቅ እንጨት ይቀራል።

የዚህ ወይን ታኒን ብዙ ነው፣ በጣም ብዙ። ግን ደቃቅ ነው፤ ድዱን ከዳር እስከ ዳር እኩል ይይዛል፣ መራራነት የለውም፣ ሲለቅም ብላክከረንቱ ከሥሩ ተመልሶ ይመጣል። ይህ መመለሱ ነው ወሳኙ። ታኒኑ ሲለቅ አፍ ባዶ ከሆነ ወይኑ የሚጠብቀው ነገር የለውም፤ 15 ዓመት ቢቀመጥም ፍሬው ቀድሞ ይደርቅና አጽሙ ይቀራል። "አሁን ሻካራ ስለሆነ ሲቆይ ጥሩ ይሆናል" የሚለው አባባል ስንቱን ገዢ አሳስቷል። ሻካራነት ተስፋ የሚሆነው ፍሬ ሲኖረው ብቻ ነው።

አሲዱ የሚለካው ከምላስ ሥር ነው፦ ከተፉ በኋላ ምራቅ በፍጥነት ከሞላ አለ ማለት ነው። እዚህ ይሞላል። አሲድ ትኩስነት ብቻ አይደለም፤ የአሲድ መለኪያው ፒ ኤች ዝቅ ሲል፣ ማለትም አሲዱ ሲበረታ፣ ባክቴሪያ አይመቸውም፣ ለመከላከያ የተጨመረው ሰልፈርም ይበልጥ ይሠራል። ቃናው ከተፉ በኋላ ያለ ችኮላ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ መጨረሻውም ፍሬ እንጂ አልኮል ወይም እንጨት አይደለም። በ20 ነጥብ ሚዛን 18 እንሰጠዋለን።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ግማሹን ጠርሙስ ቡሹን መልሶ በቀዝቃዛ ቦታ ለ24 ሰዓት ማሳደርና እንደገና መቅመስ። ለማቆየት የማይሆን ወይን በማግስቱ ፍሬው ጠፍቶ የተቆረጠ ፖም ይሸታል። ይህኛው በማግስቱ ከመጀመሪያው ቀን የተሻለ ነው፤ ታኒኑ ላላ ይላል፣ ቫዮሌት አበባ የሚመስል መዓዛም ይከፈታል። የአንድ ቀን አየር የዓመታት እርጅናን እንደማይተካ ግን መታወቅ አለበት፤ ጠርሙስ ውስጥ ታኒንና የቀለም ሞለኪውሎች ቀስ ብለው እየተያያዙ ይከብዳሉ፣ ከፊሉም ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ወይኑም በዚያው ይለዝባል። ፈተናው የሚያሳየው አየርን የመቋቋም አቅሙን ብቻ ነው።

ለማን አይሆንም? ለስላሳና ሙሉ ሆኖ ወዲያው የሚጠጣ ወይን ለሚፈልግ። ጎረቤቱ ሌዮቪል ፖይፌሬ እንኳ ከዚህ የበለጠ ክብ ነው። ባርቶን ቆጠብ ያለ፣ ቀጥ ያለ ወይን ነው፤ በለጋነቱ ለመወደድ አይሞክርም።

መግዛት ከሆነ ከአንድ ጠርሙስ ሦስት፣ ከሦስት ስድስት ይሻላል፤ አንድ ጠርሙስ ብቻ ያለው ሰው መቼ እንደሚከፍት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሲገዙ የወይኑ ከፍታ አንገቱ ውስጥ መሆኑን፣ ቡሹ ወደ ላይ አለመገፋቱን፣ ከሽፋኑ ሥር ያፈሰሰ ምልክት አለመኖሩን ማየት ነው። የተገፋ ቡሽ ሙቀት አይቷል። ማስቀመጫው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ጠርሙሱ ተኝቶ ቡሹን ያርጥብ። ከዲግሪው ቁጥር ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳል፤ ሙቀት ሲወጣና ሲወርድ ወይኑ እየሰፋና እየጠበበ ቡሹን ያላላዋል።

ከስድስቱ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2028 መክፈት ይቻላል። ድፍን ያለ፣ መዓዛ የሌለው ሆኖ ከተገኘ አልተበላሸም፤ እንዲህ ያሉ ወይኖች ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋሉ፣ የቀሩትን ሁለት ሦስት ዓመት አለመንካት ነው። በእኛ ግምት ምርጡ ጊዜ ከ2032 እስከ 2045 ነው። እስከ 2030 ድረስ ለሚከፈት ጠርሙስ ሰፊ ካራፍ (ወይን የሚገለበጥበት የመስታወት ማሰሮ) ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይስጡት። ከ2040 በኋላ ለሚከፈት ግን ካራፉ ዝቃጭ ለመለየት ብቻ ነው፦ ጠርሙሱን ቀድሞ አንድ ሁለት ቀን ማቆም፣ ከአንገቱ በስተጀርባ መብራት አድርጎ በአንድ እጅ ሳያቋርጡ ቀስ ብሎ መቅዳት፣ ጥቁሩ መስመር ትከሻው ላይ ሲደርስ ማቆምና በአንድ ሰዓት ውስጥ መጠጣት።