የቀጥታ የአምልኮ አልበም፦ ጎንደር ወይስ ዋሽንግተን?

የመዘምራን ቡድናችን የቀጥታ አልበም ሊቀርጽ ነው። የት? ክርክሩ ጦፏል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሐበሻ ሞልቷል። አዳራሹም የድምፅ ባለሙያውም አይጠፋም። ግን ለ12 ሰው ቪዛና ቲኬት? ቪዛ የተከለከለው ቤዝ ጊታሪስቱ ቢሆንስ?

ጎንደር ላይ ጉባኤው መዝሙሩን በቃሉ ያውቀዋል። የቀጥታ ቅጂ ነፍሱ ደግሞ የሕዝቡ ድምፅ ነው፤ ለእሱ ብቻ ሁለት ማይክ ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ችግሩ ክረምቱ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለተኛ ድራመር የቀጠርን ይመስላል። ያንን ከቅጂው ማውጣት ዘበት ነው። መብራት ከሄደም ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ራቅ አድርጎ ማቆም ነው።

እኔ ከጥምቀት ግርግር በኋላ፣ ጥር መጨረሻ፣ እዚሁ ጎንደር እላለሁ። እያንዳንዱን ማይክ በየራሱ ትራክ ከቀዳን፣ ሚክሲንጉን (ድምፆቹን አመጣጥኖ ማዋሃዱን) ዲሲ ላለ ባለሙያ መላክ ይቻላል። ኢንተርኔቱ ከተንቀራፈፈ፣ ሃርድ ዲስኩን ለሚሄድ ሰው ማስያዝ ነው።