ረጅም ፀጉር ላላችሁ፦ ሀያ ሁለት አካባቢ ያለችውን ፀጉር ቤት ሞክሯት

ይሄ ሪቪው መቀስ ሲያዩ ለሚደነግጡ ባለ ረጅም ፀጉሮች ነው። እኛ ሀገር መቼም ፀጉሯ ረዘም ያለ ልጅ "እንዳትነኪው!" እየተባለች ነው ምታድገው፣ እናት ትላለች አክስት ትላለች ጎረቤትም የራሷን ትጨምራለች፣ ከዛ ፀጉሩ ወገብ ይደርስና ጫፉ የአይጥ ጭራ መስሎ ይቀራል። ርዝመት አለው፣ መልክ የለውም።

ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ጠባብ ነገር ናት። ስሟን እዚህ አልፅፍም፣ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ሰው ከበዛባት ወረፋው እኔኑ ነው ሚጎዳኝ 😂

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ብዙ ቦታ መጀመሪያ ይታጠባል፣ ፎን ይደረጋል፣ ፔስትራ (ፀጉር ቀጥ ሚያረገው የጋለ ብረት) ይገባል፣ ከዛ ቀጥ ባለው ፀጉር ላይ ባንድ መስመር ቸብ ይደረጋል። ለዛ ቀን ያምራል እኮ አልዋሽም። ቤት ገብታችሁ ስትታጠቡት ግን ጥቅልሉ ይመለሳል፣ ጥቅልል ደሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይሰበሰብም፣ ማጅራት ጋ ያለው ሌላ ፊት ለፊት ያለው ሌላ ነው፣ ስለዚህ ቀጥ ያለው መስመር አንዱ ጋ ሽቅብ አንዱ ጋ ቁልቁል ይሄዳል። ዞማ ለሆናችሁት ይሄ ብዙም አያሳስብም፣ ለኛ ለከርሊዎቹ ግን ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። የዚች ቤት ቆራጭ ግን ደረቁን፣ በተፈጥሮው እንዳለ ነው ምትቆርጠው። ፀጉር ሲርስ ስለሚሳብ ረጅም ይመስላል፣ ሁለት ጣት ተብሎ የተቆረጠው ሲደርቅ አንድ ስንዝር የሚሆነው ለዛ ነው። ሌላ ቤት ደርሶብኝ ያውቃል፣ ምን ያህል እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም።

ወንበር ላይ ስቀመጥ መቀስ አላነሳችም። "እህቴ፣ በአዘቦት ቀን እንዴት ነው ምታረጊው፣ ትለቂዋለሽ ወይስ ታስሪዋለሽ?" አለችኝ። ባብዛኛው አስረዋለሁ አልኳት። እንደዛ ከሆነ የፊቱን ብዙ አላሳጥረውም፣ ካሰርሽው በኋላ እየሾለከ ያስቸግርሻል አለች፣ ይሄንን ጠይቆኝ የቆረጠ ሰው በህይወቴ አላየሁም በቃ እዛው ጋ ነው ልቤን የሰጠኋት።

ከዛ ትንሽ ትንሽ እየያዘች ጠምዘዝ ታረገዋለች፣ ሲጠመዘዝ የተሰነጠቁት ጫፎች ከጎን ብቅ ብቅ ይላሉ፣ እነሱን ብቻ ትለቅማለች። ርዝመቱ አይነካም። ቀጥላ ከትከሻ በታች ያለውን ረዘም ባለ ሌየር (በደረጃ፣ ከላይ አጠር ከታች ረዘም እያለ) ቆረጠችው፣ ከኋላ ደግሞ ታችኛውን ጫፍ ቀጥ ሳይሆን ጎበጥ አርጋ፣ መሀሉ ረዝሞ ጎንና ጎኑ ወደ ፊት ቀስ እያለ እንዲያጥር። ረጅም ፀጉር ባንድ መስመር ሲቆረጥ ክብደቱ ሁሉ ታች ስለሚሄድ አናት ላይ ልጥፍ ይላል ታች ይሰፋል፣ ሌየሩ ያንን ክብደት ያቀልና ጥቅልሉ ወደ ላይ ነፍስ ይዘራል። ማሳሻ መቀስ (ፀጉር ሚያሳሳውን ባለ ጥርሱን) ግን አትነካም፣ ጥቅልል ፀጉር ላይ መሀል መሀል አጭር እየሆነ ይቆምና ያንጨባርረዋል አለችኝ፣ እውነቷን ነው። መቀሷንም ለላስቲክም ለጨርቅም ለማንም አትሰጥም፣ የደነዘ መቀስ ፀጉሩን አይቆርጠውም፣ ጨፍልቆት ነው ሚያልፈው፣ ሲጨፈለቅ ደሞ እንደገና ይሰነጠቃል።

የሚገርመው፣ ሶስት ጣት የማይሞላ ነው የወረደው፣ ግን ቤት ስገባ እህቴ "ረዘመብሽ እንዴ?" አለችኝ። ያ ስስ ጫፍ ሲሄድ የቀረው ሙሉ ሆኖ ይታያል። አንድ ነገር ግን እንዳትሸወዱ፣ መቆረጥ ፀጉር አያሳድግም፣ ፀጉር ሚያድገው ከስሩ ነው፣ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ወይ ትንሽ ከዛ በለጥ ቢል ነው። ጫፉ ሲሰበር ግን ከስር ያደገውን ያህል ከታች ስለሚጠፋ ባለበት የቆመ ይመስላል። እስቲ አስቡት፣ ወገብ የደረሰ ፀጉር ጫፉ የአራት አምስት አመት እድሜ አለው፣ ስንት ፔስትራ ስንት የካስክ ሙቀት አይቷል! የተሰነጠቀን ጫፍ ደሞ ቅቤም ትሪትመንትም አይገጥመውም፣ ለጊዜው ያለሰልሰዋል እንጂ መፍትሄው መቀስ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ቀጠሮ በስልክ አትይዝም፣ ቅዳሜና የበአል ዋዜማ ከሄዳችሁ ግማሽ ቀናችሁን ተሰናበቱት፣ ቲቪው ይጮሃል፣ ወንበሩ ወገብ ይፈጃል። ዋጋዋም ለቁርጥ ብቻ ሲታሰብ ወደድ ይላል፣ ሹሩባም አትሰራም። ረዳቷ ልጅ ስታጥብ ደሞ ጥፍሯ ያማል፣ በጨዋ ደንብ ነግሬያታለሁ። ሻይ ግን ይሰጣሉ 😊

አንድ ደስ ያለኝ ነገር፣ የወረደውን ፀጉር ሰብስባ በወረቀት ጠቅልላ "ትወስጂዋለሽ?" ብላ ትጠይቃለች። እናቴ መጥረጊያ ስር ሲገባ ስለማትወድ ወሰድኩት።

ምትሄዱ ከሆነ ከቀናት በፊት ታጠቡት፣ ፔስትራ እንዳታስገቡት፣ ቅቤም እንዳትቀቡ፣ ጥቅልሉን እንዳለ ካላየች አትቆርጥም፣ አንዷን ዓይኔ እያየ መልሳታለች። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት ይሻላል።