የጭንቀትና የድባቴ አፕ፦ በዶላር ልግዛ ወይስ ነፃው ይበቃል?

"ሄድስፔስ ይሻላል ወይስ ካልም?" የሚለው ስለ ሁለቱ የሜዲቴሽን አፖች የሚነሳ ጥያቄ ከጓደኛም ከዘመድም ስለበዛብኝ አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄን ልላክ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ሁለቱንም አትግዙ። በብር ደሞዝ ለሚኖር ሰው ማይንድሺፍት የሚባለው ነፃ አፕ ይበልጥበታል፣ ለአፕ ልታወጡት ያሰባችሁትን ብር ደሞ ለሐኪም አስቀምጡት።

ዋጋውን እንየው። ሄድስፔስ አሜሪካ የሚሸጥበት በዓመት 69.99 ዶላር ነው፣ በየወሩ እከፍላለሁ ካላችሁ 12.99፣ እሱ ቀላል መስሎ ዓመቱ ሲሞላ 155.88 ዶላር ይመጣል፣ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ እያለ የዓመቱ ክፍያ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር፣ አሁን ዶላሩን በ150 ብታሰሉት 10,500 ብር። በዛ ላይ የዶላር ካርድ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ካርድ ሲያስከፍል ኮሚሽን ይጨመርበታል። ካልምም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለዚህ ሁሉ ብር የምታገኙት ሜዲቴሽንና የእንቅልፍ ታሪክ ነው። ድምፁ ያረጋጋል፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ይወደዋል፣ ግን አንዱም አማርኛ የለውም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልቡ እየመታ ለነቃ ሰው ደሞ እንግሊዝኛ ተከታትሎ መስማት ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ሜዲቴሽን ብቻ ከፈለጋችሁ ሜዲቶ የሚባል የኔዘርላንድስ ድርጅት ለትርፍ ሳይሆን የሚሠራው ነፃ አፕ አለ፣ እሱ ይበቃል።

ማይንድሺፍት አንግዛይቲ ካናዳ የሚባል የካናዳ ድርጅት ነው የሠራው፣ ክፍያ የለውም። እሱም በይነገጹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን አብዛኛው ሥራ የእናንተ ጽሑፍ ስለሆነ በአማርኛ ጻፉበት። ያስጨነቃችሁን ሐሳብ ትጽፋላችሁ፣ እውነት መሆኑን የሚያሳይና የማያሳይ ነገር ትፈልጋላችሁ፣ የምትፈሩትን ነገር ደሞ ከቀላሉ ጀምሮ በደረጃ ትከፋፍሉታላችሁ። ለምሳሌ ሰው ፊት ድምፁን ማውጣት የሚያስጨንቀው ሰው የመጀመሪያው ደረጃ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ብሎ ጮክ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ከዛ ሱቅ ገብቶ ዋጋ መከራከር፣ ከዛ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ። ጭንቀቱ እስኪቀንስ እዛው ቆይቶ ደጋግሞ መለማመድ ነው ነገሩ። ይሄ ሳይኮሎጂስቶች ሲቢቲ የሚሉት ሕክምና መንገድ ነው፣ ዝም ብሎ ሙዚቃ ከመስማት በጣም ይለያል።

አሁን በጣም የሚያናድደኝ ነገር። ቴሌግራም ላይ "ፕሪሚየም ላይፍታይም" እየተባለ በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተነካካ ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫን የአፕ ፋይል) ነው። የአክስቴ ልጅ ገዝታ ስልኳን ሳየው አፑ ኤስኤምኤስና ኮንታክት የማንበብ ፈቃድ ወስዷል፣ የትንፋሽ ልምምድ የሚያስተምር አፕ ኤስኤምኤስ ምን ያደርግለታል? የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚገባው እኮ በኤስኤምኤስ ነው! ትንሽ ቆይቶ አፑም መሥራት አቆመ፣ ሻጩም ብሎክ አደረጋት። እንዲህ ያለ ነገር ስልካችሁ ላይ ካለ አጥፉት፣ የቴሌብርና የባንክ ፒን ቀይሩ፣ ካልተማመናችሁ የሚያስፈልጋችሁን ፎቶና ቁጥር አውጥታችሁ ስልኩን ፋክተሪ ሪሴት አድርጉት፣ ማለት ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር ነው። ሁለተኛው ዓይነት አንድ አካውንት ለብዙ ሰው መሸጥ ነው፣ እሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም እንደዛ በሚሸጥ አካውንት የጻፋችሁትን የሆዳችሁን ነገር የማታውቁት ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

ከቦት ጋር፣ ማለት በጽሑፍ ከሚመልስ ፕሮግራም ጋር ማውራት ለሚወዱ ዋይሳ አለ፣ ውይይቱ በነፃ ነው ግን አማርኛ የለውም። ዎቦት ብዙ ሰው የለመደው ነበር፣ ሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አፑ ተዘጋ። ቻትጂፒቲ በአማርኛ ያወራል፣ ሐሳብ ለማደራጀት ይጠቅማል፣ ግን ለሕክምና የተሠራ አይደለም፣ የምትሉትን የመስማማት ጠባይም አለው፣ "ማንም አይወደኝም" ብሎ ለሚያስብ ሰው ይሄ ጥሩ አይደለም።

ውጪ ያላችሁ ደሞ ስለ ቤተርሄልፕ ትጠይቁኛላችሁ። እሱ ከቴራፒስት (በንግግር ከሚያክም ባለሙያ) ጋር በኢንተርኔት የሚያገናኝ ነው፣ በሳምንት ከ65 እስከ 100 ዶላር ሲያስከፍል የቆየ ነው፣ በ4 ሳምንት 260 እና ከዛ በላይ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን የደንበኞችን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለመሳሰሉት ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎት በ2023 እ.ኤ.አ. 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። መጀመሪያ ኢንሹራንሳችሁ የሚሸፍነውን አማርኛ ተናጋሪ ቴራፒስት ፈልጉ።

ከሁሉም በፊት ግን ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድባቴ መጠይቅ ሙሉ፣ ነፃ ነው፣ ወረቀት ላይም ይሠራል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። 9 ጥያቄ ነው፣ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከ27 ይታሰባል። 10 እና ከዛ በላይ ከሆነ አፕ ማወዳደሩን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል አለ። 9ኛው ጥያቄ መሞትን ወይ ራስን መጉዳትን ስለማሰብ ነው፣ እዛ ላይ መልሳችሁ ከዜሮ ከወጣ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ ሐሳቡ ከበረታ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፣ ነፃ ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም አፑ ስለተመቻችሁ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ጸበል የምትሄዱም እንደዛው፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ነፃውንም ብትጠቀሙ አንድ ሰው ይከታተላችሁ። ሰው እየደወለ የሚከታተለው የአፕ ሕክምና ለብቻ ከሚሠራው የተሻለ ውጤት እንዳለው በጥናት ታይቷል፣ ስለዚህ እህታችሁን ወይ ጓደኛችሁን "እሁድ እሁድ ምን እንደጻፍኩ ጠይቂኝ" በሏት።

ፍሪ ትራያል (ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ያለ የነፃ ሙከራ ጊዜ) የጀመራችሁ ደሞ አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም፣ ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ፕሮፋይላችሁን ንኩ፣ ክፍያና ሰብስክሪፕሽን የሚለው ውስጥ ሰርዙት፣ ትራያሉ ሊያልቅ ቢያንስ 2 ቀን ሲቀረው።